የሁለት ምሽት ባትሪ

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። የማወጋችሁ የደብረ ብርሃን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ ሣሩን ነጭ የሚያለብስባት ከተማ ናት። እዚያ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ሠፈሩም ቢሆን በስማቸው አይጠራቸውም፣ «አባባ ሾፌሩ» ነው የሚላቸው። በጉልበታቸው ዘመን ኤንትሬ ነድተዋል። ኤንትሬ ስል ያ ፊቱ ጠፍጣፋ የጣሊያን መኪና፣ ፊያት 682፣ ከአሰብ ጭኖ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ ጣርማ በርን እያቃሰተ ወጥቶ አዲስ አበባ የሚገባው ማለቴ ነው። የዛሬ ልጆች በፎቶ ነው የሚያውቁት። የዚያ ዘመን ሾፌር ደግሞ መሪ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ መካኒኩም፣ ጎሚስታውም፣ ኤሌትሪሺያኑም እሱ ነው።

አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ማንበብ ቀርቷል፣ ቴሌቪዥንም ጥላ ነው የሚታያቸው። የቀረቻቸው አንዲት ሬዲዮ ናት። ዱባይ ያለችው ልጃቸው በመንገደኛ የላከችላቸው፣ መዳፍ የምታክል፣ አናቷ ላይ አምፖል፣ ጎኗ ላይ የሚሞሪ መሰኪያ ያላት። ሚሞሪው ውስጥ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተጭኖበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ያነበበው ብዙ ነው፤ በወጋየሁ ድምፅ የሰማው ግን ሳይበልጥ አይቀርም ባይ ነኝ። አባባም ከሰሚዎቹ ናቸው። ማታ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው፣ የጎረቤቷ እማማ በር አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያደምጣሉ። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው።

አንድ ምሽት በትረካው ውስጥ ጉዱ ካሣ ገና ንግግሩን ሲጀምር ሬዲዮኗ ሁለቴ ጢጥ ጢጥ ብላ ዝም አለች። ቻርጀሩ ተሰካ። መብራቷ አልበራችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሲዛችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል። ይህቺ ሬዲዮ ከክረምቱ ጀምሮ ስትሞላ አመል አውጥታ ነበር። ኬብሉን ሰክቶ መተው አይበቃም። ወደ ግራ ጠምዘዝ፣ ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ከሥሩ የክብሪት ቀፎ መደገፍ ነው። ያኔ ቀይዋ መብራት ትበራለች። ድመቷ ስታልፍ ከነካችው ትጠፋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞላች ሲባል ጠዋት ግማሽም የላትም። ልጁ ቀፎውን ማስተካከል ለምዶት፣ «እኔ ብቻ ነኝ የምችላት» እያለ ይኮራበት ነበር። ማንም ግን እንደ በሽታ አልቆጠረውም።

በዚያች ሌሊት ቀፎውም አልረዳ አለ። እማማ ፈረዱ፦ «ባትሪዋ ሞታለች።» ልጁም ፈረደ። አባባም አጸደቁ። እንግዲህ ማን ይከራከራል?

ጀርባዋ ተከፍቶ ባትሪዋ ወጣች። ቢኤል 5ሲ ትባላለች፤ የቀድሞ ኖኪያ የያዛችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። ቁመቷ 53፣ ወርዷ 34፣ ውፍረቷ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግንባሯ ላይ ሦስት ወርቃማ ነጥብ። ኖኪያ 1100 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ከ250 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ በጀርባው የተሸከማት እሷን ነው። ስልኩ ከገበያ ሲወጣ እሷ አልወጣችም፤ የትንንሽ ሬዲዮና የስፒከር ሠሪዎች ተረከቧት። ለዚህም ነው ዛሬ በየገጠር ከተማው፣ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ የምትገኘው።

አባባ የባትሪ ድንጋይ ዘመን ሰው ናቸው። ድንጋይ ሲደክም ምን ይደረጋል? ፀሐይ ይሞቃል። እውነት ነው ይሠራ ነበር፤ ድንጋዩ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ሥራው ፈጠን ይልና የቀረችውን ጭላጭ ያወጣል፣ ለአንድ ዜና ትበቃለች። እናም ባትሪዋን ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጧት። የደብረ ብርሃን አየር ቢቀዘቅዝም የቀትር ፀሐይዋና ቆርቆሮዋ ሌላ ነው። ማታ ወረደች፣ ተሞከረች፣ እምቢ አለች። በማግስቱ ደግሞ ወጣች። ሳምንታት እንዲህ አለፉና አንድ ቀን ልጁ የሬዲዮኗን ክዳን ሊገጥም ቢል አልገጥም አለው። «ክዳኑ ጠቧል» አለ። ክዳን ይጠባል እንዴ?

ከዚያ ዱባይ ያለችው ብር ላከች፣ ልጁ ገበያ ወጣ፣ አዲስ ባትሪ ገዛ። ቤት ሲደርስ ከተታት፤ ሬዲዮኗ ተነሣች! እማማ እልል አሉ። ሁለት ምሽት ተደመጠ። በሦስተኛው ምሽት ጢጥ ጢጥ፣ ዝም። ቻርጀር ተሰካ፤ ጨለማ። ቀፎ ተደገፈ፤ ጨለማ።

ልጁ በማግስቱ ወደ ሱቁ ሲሄድ መንገዱን አላየውም። «ፎርጅድ ነው የሸጥክልን!» አለ ከደጅ። ባለሱቁ «ስትገዛኝ አልሠራም?» አለው። «ሁለት ቀን!» «የከፈትከውን ዕቃ አልመልስም።» ድምፅ ከፍ አለ፣ ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ «መናኸሪያው ጋ ያለችዋ ልጅ ዘንድ ውሰዱት፤ ባትሪው ሞቷል ካለች ባለሱቁ ይመልስ፣ አልሞተም ካለች አንተ ይቅርታ ጠይቅ» ብሎ ዳኘ። ባለሱቁም ተስማማ፣ ልጁም ተስማማ። አባባን ደግፎ መጣ። ሬዲዮኗም፣ አሮጌዋም አዲሷም ባትሪ፣ ቻርጀሩም ኬብሉም በፌስታል ተይዘዋል።

የጥገና ቤቷ አንድ ሰው ተዘርግቶ የማይተኛባት ናት። ጠጋኟ ከቴክኒክና ሙያ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቴስተር፣ ወረንጦ፣ ሊድ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ማጉያ መነጽር።

«አባባ ይቀመጡ። ምን ሆነች?»

«ባትሪዋ ሞታ፣ ሌላ ገዝተን፣ ሌላዋም ሞተች ልጄ።»

«ሞተች ያላት ማነው?»

ሦስቱም ዝም አሉ፤ ሦስተኛው ከሱቁ ጀምሮ ወሬ ለማየት የተከተለ መንገደኛ ነው።

ባትሪዋን አልነካችም። አዲሷን እንኳ ከፌስታሉ አላወጣችም። ወደ ልጁ ዞራ፣ «አዲሷን ገዝተህ ስትመጣ መጀመሪያ ሞላሃት ወይስ እንደገባች ሠራች?» አለችው። «እንደገባች ሠራች።» «ስንት ምሽት?» «ሁለት።» «በምሽት ስንት ሰዓት?» «ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።»

«በጎኗ ምን ተጽፎባታል?»

«1,020 ሚሊ አምፒር ሰዓት።»

አሁን ሒሳቡን ተከተሉኝ። ሊቲየም ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ ጢም ብሎ አይሞላም። ሞልቶ መጋዘን ቢከርም ቶሎ ያረጃል፣ ለጉዞም ያሰጋል፤ በአውሮፕላን ጭነት ለብቻው የሚሄድማ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመቶ 30 በላይ ሞልቶ እንዳይጫን ተደንግጓል። በመርከብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገደማ ይይዛል። የ1,020 ግማሽ 510 ነው። እንዲህ ያለች ሬዲዮ ድምፅዋ ከፍ ሲል በየሰዓቱ መቶ ሚሊ አምፒር ሰዓት ያህል ትበላለች። 510 በመቶ ሲካፈል አምስት ሰዓት። አምስት ሰዓት ማለት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለቴ። ሁለት ምሽት!

«አዲሷ ባትሪ ፋብሪካ የሰጣትን ሁሉ ሰጥታችኋለች» አለች። «ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አልሰጣትም። ባዶ ናት እንጂ አልሞተችም።»

ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አዞረችና ሁለቱን እሾሆች በባትሪዋ ዳርና ዳር ነጥቦች ላይ አሳረፈች፤ ቀዩን ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩን ማይነስ ላይ። ቁጥሩ ሮጥ ሮጥ ብሎ 3.21 ላይ ቆመ። ሙሉ ስትሆን 4.2 ናት፣ በአማካይ 3.7 ትባላለች፣ ወደ 3 ስትወርድ ባዶ ናት ይባላል። 3.21 ማለት የደከመች፣ ግን ጤነኛ። ከግድግዳው ላይ ባትሪን ነቅሎ ለብቻው የሚሞላውን ባለ ሁለት ጥፍር ቻርጀር አንሥታ አስነከሰቻት። ቀይ መብራት በራ። «ይኸው፣ እየበላች ነው።»

ልጁ ጆሮውን አከከ። ባለሱቁን የሰደበው ትዝ አለው መሰለኝ።

«ታዲያ አሮጌዋስ?» አሉ አባባ።

አሮጌዋን ከፌስታሉ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት። በጣቷ ጫፍ አንዱን ጥግ ገፋ አደረገቻት። ባትሪዋ እንደ እንዝርት ዞረች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። አዲሷን ከቻርጀሩ ነቅላ እንዲሁ ገፋቻት፤ ትንሽ ተንሸራትታ ቆመች። ነገሩ ቀላል ነው፦ ጤነኛ ባትሪ ሆዷ ለጥ ያለ ነው፣ ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ ትነካለች፤ ያበጠች ግን መካከሏ ጉብ ስለሚል በአንድ ነጥብ ላይ ትሽከረከራለች። መሣሪያ አያሻውም። ጠባብ የሆነው ክዳኑ አልነበረም።

ያሳበጣት ጋዝ ነው። በውስጧ ያለው ፈሳሽ በሙቀት፣ በእርጅና ወይም ከልክ በላይ በመሙላትና በመውረድ ይፈርስና ጋዝ ይሆናል፤ መውጫ ስለሌለው ቆዳዋን ይገፋል። ፀሐይ ለድንጋዩ መድኃኒት ነበረች፣ ለዚህችኛዋ መርዝ። የቴስተሩን እሾህ ብታሳርፍባት 0.00 አለ።

ልጁ ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፤ ከሌላ ባትሪ በሽቦ ለጥቂት ሰከንድ ሲነካኩት ይነሣል። እንቀስቅሳት!»

አባባም ደገፉት። «ልክ ነው፤ እኛም በኤንትሬ ጊዜ የሞተ ባትሪ ከሌላ መኪና እየጎተትን አስነሥተናል። ሌሊቱን ቀስ አድርገህ ከሞላኸው ይመለሳል። የተጣራ ውኃ ጠብ ማድረግ ነው።»

ሽማግሌው የማያውቁትን አልተናገሩም። የመኪናው ባትሪ እርሳስና አሲድ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀምሮ መሠረቱ ብዙ አልተለወጠም። ሰልፌት ሲጋገርበት ይሰንፋል፣ ቀስ ብሎ ሲሞላ አንዳንዴ ይነቃል፣ ውኃውም ሲጎድል ይጨመርለታል። ግን ያ ሌላ ፍጥረት ነው።

ጠጋኟ ሁለቱንም አላሳፈረችም፤ ይህን ሳልወድላት አልቀረሁም። እንዲህ ብላ አስረዳቻቸው። በባትሪዋ ግንባር ውስጥ፣ ከሦስቱ ነጥቦች ኋላ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ጠባቂ ሰሌዳ አለች። ባትሪዋ ወደ 2.5 ቮልት ገደማ ስትወርድ ሰሌዳዋ በሩን ትዘጋለች፤ ያኔ በውጭ ሲለካ ዜሮ ይላል። ባትሪዋ ብዙም ሳትቆይ፣ ሳታብጥ፣ ገና በሩ እንደተዘጋ ቻርጀር ብታገኝ ኖሮ ሰሌዳዋ በሩን ትከፍት ነበር፤ ደህና ቻርጀርም መጀመሪያ በጥቂቱ፣ ኋላ በሙሉ እያጎረሰ ያነሣታል። ቪዲዮው ያሳየህ እሱን ነው። ይህቺ ግን ሳምንታት ባዶዋን ቆይታለች። በጣም ወርዳ ስትቆይ በውስጧ ያለው የመዳብ ቅጠል ይሟሟል። በኋላ ልሙላሽ ሲሏት የሟሟው መዳብ ባልሆነ ቦታ ተመልሶ ይረጋል፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ድልድይ ይሠራል። ውስጥ ለውስጥ ተነካካች ማለት ነው። ዛሬ ተነሥታ ትዘፍን ይሆናል፤ ነገ ሌሊት ቻርጅ ላይ እያለች አባባ ራስጌ ትቃጠላለች።

«ስለዚህ አልቀሰቅሳትም» አለች። «ክፈሉኝ ብትሉኝም አልቀሰቅሳትም።»

ይህ ስጋት የጠጋኝ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 2007 እ.ኤ.አ. ኖኪያ ራሱ፣ ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የሠራቸውን 46 ሚሊዮን የቢኤል 5ሲ ባትሪዎች ልቀይር ብሎ አስታውቆ ነበር። ሲሞሉ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው የሚግሉ ስለተገኙ ነው። ያኔ ሪፖርት የተደረገው መቶ ያህል ብቻ ነበር። ከ46 ሚሊዮን መቶ! ለዚያች መቶ ሲባል ነው ያ ሁሉ ጥሪ። እኛ ግን ጣራ ላይ አስጥተን ያበጠችውን በሽቦ እንቀስቅስ እንላለን።

ከዚህ በኋላ ነው የወሬዬ ዋናው የሚመጣው። ጠጋኟ ሬዲዮኗን እያገላበጠች፣ «አባባ፣ ልጠይቅዎት» አለች። «ኤንትሬው ጠዋት አልነሣ ሲል መጀመሪያ የሚያደርጉት ባትሪ መለወጥ ነበር?»

ሽማግሌው ተቆጡ ማለት ይቻላል። «ምን ሆኜ! ባትሪ ስንት ብር ነው? መጀመሪያ ማሰሪያው መላላቱን፣ ዝገት አለመያዙን ታያለሽ። ከዚያ ዲናሞው እየሞላ መሆኑን። ቺንጋው መበጠሱን። ገመዱን። ባትሪው መጨረሻ ነው። ባትሪ የሚለውጥማ ...» አሉና አቋረጡ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ መጣ። «እ-ሂ!» አሉ። «ያዝሽኝ።»

ከዚያ በኋላ ሥራውን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም እንጂ አፋቸው ያያል። «ገመዱን» አሉ። ኬብሉን በራሷ ስልክ ላይ ሰካችው፤ ስልኳ መሙላት ጀመረ። «ዲናሞውን።» ዲናሞው እዚህ ቻርጀሩ ነው፤ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት የሚሰጠው። የኬብሉን ጫፍ ለካች፤ 5.08። ጤነኛ ነው። «ማሰሪያውን።» የባትሪዋን ነጥቦች የሚነኩትን የሬዲዮኗን ሦስት ምላሶች አየች፤ አልታጠፉም፣ ትንሽ ዝገት ነበራቸው፣ አልኮል በነካ ብሩሽ ጠረገቻቸው። የቀረው ኬብሉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

በማጉያው አየችና ሣቀች። ባትሪ ሳታስገባባት በቀጭን የእንጨት ስንጥር ጠርጋ ጠርጋ አንድ ጥፍር የምታክል ጥጥ አወጣች። የአባባ ጋቢ ክር! ሬዲዮኗን ማታ ማታ በጋቢያቸው ሸፍነው ነው የሚይዟት። እዚህ ላይ ለአንባቢዬ አንድ ነገር ልጣል፦ በርካታው «ቻርጅ እምቢ አለኝ» ይህቺው ናት፤ ክር፣ አቧራ፣ የኪስ ብናኝ። እንጨት እንጂ መርፌ አትስደዱበት፤ መርፌ ውስጡ ያሉትን እግሮች ያነካካል።

ጥጡ ወጣ፣ አዲሷ ባትሪ ገባች፣ ኬብሉ ተሰካ። መብራት የለም። በጥፍሯ ቀዳዳውን ገፋ አደረገች፤ ተነቃነቀ። ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ልጁ ሳያስበው ኪሱን ዳበሰ፤ የክብሪቱን ቀፎ ፍለጋ።

ከፈተቻት። ከአራቱ የብየዳ ነጥቦች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። ስንጥቁ ፀጉር አይሞላም፤ በዓይን ቢያዩት ሊዱ ያበራል፣ በማጉያ ሲያዩት ግን በእግሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ መሥመር አለ። የክብሪት ቀፎው ድጋፍ ነው ያደረሰው፤ በየሌሊቱ ኬብሉን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ቀዳዳውን ከሰሌዳው እያላቀቀ፣ መድኃኒት ነው ብለው በሽታውን ሲያባብሱት። መጀመሪያ ቀዳዳው ላላ፤ ስለላላ ባትሪዋ ሞልታ አታውቅም፤ ስላልሞላች ወረደች፤ ወርዳ ስለቆየች ሞተች፤ ስትሞት ጥፋቱ የሷ ሆነ።

አሮጌውን ሊድ በሙቀት አነሣች፣ በአዲስ በየደች፣ እግሮቹን አንድ ባንድ ነካካች። ጭሱ በመስኮት ወጣ። ሥራው ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀም። ኬብሉ ተሰካ፤ ቀይ መብራት በራ። ነቀነቀችው፤ አልጠፋም። ጠመዘዘችው፤ አልጠፋም።

እስክትሞላ ሲጠብቁ አባባ፣ «ይህን ሊቲየም የሚባለውን ማን አመጣው ልጄ?» አሉ። እሷም የምታውቀውን ነገረቻቸው፤ ስታንሊ ዊቲንግሃም ጅማሬውን በ1970ዎቹ፣ ጆን ጉዲናፍ በ1980 የኮባልቱን ክፍል፣ አኪራ ዮሺኖ በ1985 ለአገልግሎት የሚሆነውን ቅርጽ እንደሠሩ፤ ሶኒ በ1991 ለገበያ እንዳወጣው፤ ሦስቱ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል እንደተሸለሙ፤ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጉዲናፍ ሽልማቱን ሲቀበሉ 97 ዓመታቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት በዚያ ዕድሜ የተሸለመ የለም። አባባ ይህችን ሰምተው ቀና አሉ። «97? እኔማ ገና ልጅ ነኝ!»

መንገደኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ስለ ግዢው ነበር የጓጓው፤ የቤቱ የሶላር መብራት ባትሪ ደክሞበታል። ጠጋኟም ነገረችው፤ እኔም ሰምቼ አስቀርቻለሁ። ባትሪ ስትቀይር ከቁጥር ሁሉ በፊት ቮልቱን አዛምድ። የሶላር መብራቶች ብዙዎቹ 3.2 ቮልት የሚባለው፣ በብረትና በፎስፌት የሚሠራው ሊቲየም ነው ያላቸው፤ እሱ ሲሞላ 3.65 ላይ ይቆማል። ሌላኛው፣ 3.7 የተጻፈበት፣ እስከ 4.2 ይሞላል። መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በዚያው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ይሠራሉ። ለ4.2 በተሠራ ቤት 3.2ቱን ብታስገባው ከልኩ በላይ ይጎርሳል፤ በተቃራኒው ካደረግኸው ደግሞ አይጠግብም። ከዚያ የተጻፈውን መጠን እይ። በዚያ ክብ ባትሪ ልክ በአብዛኛው ከ3,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙ የሚያልፍ አይገኝም፤ 9,900 የሚል ካየህ ዋሽቷል፣ ዋጋውም ዋሽቷል። ለቢኤል 5ሲም እንዲሁ፤ አንድ ሺህ ገደማ እውነት ነው፣ 2,800 ተረት ነው። ደብረ ብርሃን ላለህ ደግሞ በውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረ መብራት ጠዋት በረዶ ሆኖ ሳለ አትሙላው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ሊቲየሙ በቦታው ሳይገባ ብረት ሆኖ ይጋገራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ቤት አስገባ፣ ይሙቀው፣ ከዚያ ስካው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አለፈና መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ሬዲዮኗ ተከፈተች። ጠጋኟ የጠየቀችው የብየዳውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ከባትሪዋ ያነሰ።

ልጁ ወደ ሱቁ ብቻውን ሄደ። አባባ «እኔም ልምጣ» ቢሉ፣ «አይ አባባ፣ የሰደብኩት እኔ ነኝ» አለ። ባለሱቁ ቃል ሳያበዛ ተቀበለው፤ የራሱ ጥፋት ደግሞ ነበረበት፤ ከግድግዳው ላይ 2,800 የተጻፈባቸውን ባትሪዎች እንዲያወርድ ልጁ የሰማውን ነገረው። አወረደ ወይ? አንዱን ረድፍ አወረደ ይላሉ። ሌላው እስከ ዛሬ ተሰቅሏል።

አሮጌዋ ባትሪ ጠጋኟ ዘንድ ቀረች። ሦስቱን ነጥቦች በፕላስተር ሸፈነቻቸው፤ ከሌላ ብረት ጋር እንዳይነካኩ። አሸዋ በሞላበት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረቻትና ቆርቆሮውን ከቤቷ ውጭ፣ ከዝናብም ከፀሐይም በተከለለ ቦታ አኖረችው። ሲሞላ አዲስ አበባ ለሚሰበስቡት በመኪና ትልከዋለች።

እናንተም ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። የቆየ ስልክ፣ የተረሳ ሬዲዮ፣ የሕፃን መጫወቻ ይኖራል። ክዳኑ የተነሣ፣ ጀርባው ያበጠ ካያችሁ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ ላይ አታድርጉት፣ ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት፣ ከቆሻሻው ጋር ያቃጥሉታልና። ነጥቦቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ በአሸዋ አድርጋችሁ ከቤት አውጡት፤ ልጆች በማይደርሱበት አኑሩት፤ ወደ አንድ ጠጋኝም አድርሱት። ቻርጅ እምቢ ያለው ግን ሆዱ ለጥ ያለ ከሆነ ገና አትግዙ፤ ኬብሉን በሌላ ስልክ፣ ቻርጀሩን በሌላ ኬብል፣ ቀዳዳውን በስንጥር ሞክሩ። ባትሪ መጨረሻ ነው።